ኃይለኞቹን የማላዊ ዓሦች ደሴ ላይ እንዴት እናኑራቸው?

የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች የሚባሉት የዓሣ ዓይነቶች ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ጠባያቸው ግን ኃይለኛ ነው። በተለይ ምቡና የሚባሉት፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚኖሩት፣ ወንዴው አንዲት ዋሻ ከያዘ በአጠገቧ ዝር ያለውን ሁሉ ያባርራል። ይህን ማስተው አይቻልም። የሚቻለው ጠቡ አንድ ዓሣ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማድረግና ለተባረረው መሸሸጊያ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ ጨርሱ።

መጀመሪያ ገንዳው። ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱን ተመልከቱ፣ የተባረረ ዓሣ ሮጦ የሚያመልጥበት ቦታ ይፈልጋልና። 120 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር ብታሠሩ 240 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከድንጋይና ከመስታወቱ ጋር ክብደቱ ከ300 ኪሎ ስለሚያልፍ ቡፌ ላይ አይቀመጥም፤ የብረት ማስቀመጫ አስበይዱለት። መስታወት ቤት ስታሠሩ ደግሞ ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ይሁን፤ ያ ኬሚካል ዓሣ ይገድላል።

ቀጥሎ ድንጋይ፣ እዚህ ላይ አትሰስቱ። ደሴ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፣ በደንብ ታጥቦ ከተፋቀ ለዓሣ ምንም አይልም። የኖራ ድንጋይ ካገኛችሁ እሱንም ጨምሩበት፤ እነዚህ ዓሦች ፒኤች (የውሃ አሲድነት መለኪያ) ከ7.8 እስከ 8.6 የሆነ ውሃ ስለሚወዱ ይስማማቸዋል። የኖራ መሆኑን ለማወቅ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ ነው። ዝገት የሚመስል ወይም ብረት የሚያብለጨልጭበትን ተዉት። ከቦርከና ወንዝም፣ በተለይ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ካለው፣ ድንጋይም አሸዋም አታምጡ። ድንጋዩን መጀመሪያ ወለሉ ላይ ደርድሩ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፈስሳል። ምክንያቱም ምቡና አሸዋ መቆፈር ይወዳል፤ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩ ሲቆፈር ይናድና ዓሣውንም መስታወቱንም ይጎዳል። ክምሩ ወደ ውሃው አናት ይጠጋ። ከዓሦቹ ቁጥር የሚበልጥ ዋሻና ቀዳዳም ይኑረው።

አሁን የደሴ ነገር። ዓሦቹ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ የኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። ለ240 ሊትር አንድ ትልቅ የውሃ ማሞቂያ ከምትገዙ ባለ 150 ዋት ሁለት ግዙ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞቅ ስለሚል ይቀላችኋል። ሌላው ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ሩብ ያህል ያንሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይባስ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠንካራ ማጣሪያ ይኑራችሁ፣ የአየር ፓምፑም ቀንም ሌሊትም ይሥራ። በባትሪ የሚሠራ አንድ ትንሽ የአየር ፓምፕ የግድ ያዙ። መብራት ሲጠፋ እሱን አብሩ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።

ውሃው ክሎሪን ስላለው በማጥፊያ ጠብታ ይታከም። ከዚያ ማጣሪያው ያለ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሥራ። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎችም ማጣሪያው ውስጥ ይራባሉ። በመመርመሪያ ስትለኩት አሞኒያም፣ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ሲበሉ የሚወጣው ናይትራይትም ዜሮ ሲሆን ዝግጁ ነው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። እባካችሁ ታገሡ።

ዓሣ ስትመርጡ ከሦስት ዝርያ አትለፉ፣ መልካቸውም የተለያየ ይሁን፤ ወንዴው አብልጦ የሚጠላው እሱን የሚመስለውን ነው። ለጀማሪ ቢጫውን ላቢዶክሮሚስና ኤሴይ የሚባለውን እመርጣለሁ። አውራተስና ኬንዪ ግን በጣም ኃይለኞች ናቸው፣ ልምድ እስክታገኙ ይቆዩ። ከየዝርያው 6፣ በድምሩ 18 ገደማ ትናንሽ ዓሦች ግዙ። ሲያድጉ ትርፍ ወንዴዎችን አውጡ፣ ለአንድ ወንዴ ቢያንስ 3 ሴቴ ይቅሩ። ጥቂት ዓሣ ሰላም ይሰጣል ብላችሁ 5 ወይም 6 ብቻ አታስገቡ፣ ያኔ ጉልበተኛው አንዱን መርጦ እስኪሞት ያሳድደዋል።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጣርማበርን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከመነሳታቸው አንድ ቀን በፊት አይብሉ። ላስቲኩ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን፣ ከዚያ የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ቤት ሲደርሱ የገንዳውን መብራት አጥፉ። ላስቲኩን 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉ፣ ከገንዳው ውሃ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ አላምዱ፣ ከዚያ በመረብ አውጥታችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን አስገቡ። ቀድሞ የገባ ቦታውን የኔ ስለሚል ነው። ወደፊት አዲስ ዓሣ ስትጨምሩም መጀመሪያ ድንጋዩን አፍርሳችሁ ደርድሩ፣ ያኔ ነባሩም እንግዳ ይሆናል።

ምግባቸው በአብዛኛው አትክልት ነው፦ ስፒሩሊና (የአልጌ ዓይነት) ያለበት የዓሣ ምግብ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ የተቀቀለ ቆስጣ። ሥጋና የእንጀራ ፍርፋሪ አትስጡ፣ ሆዳቸው ሊነፋና ሊሞቱ ይችላሉ። በየሳምንቱ ሲሶውን ውሃ ቀይሩ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ይጠቅማል።

ክንፉ ተቀዳዶ ከላይ ጥግ ይዞ የሚቆም ዓሣ ካያችሁ እየተደበደበ ነው፣ ቶሎ ለዩት። ወይም አሳዳጁን ለጥቂት ቀናት አውጡት፤ ሲመለስ ግዛቱ በሌላ ተይዞ ያገኘዋል።

አፏን ዘግታ ምግብ እምቢ ያለች ሴቴ ደግሞ እንቁላል ይዛ ይሆናል። ለ3 ሳምንት ያህል አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። ጫጩት ከበዛባችሁ ለሚያረባ ሰው ስጡ እንጂ ሐይቅ ወይም ቦርከና አትልቀቁ፤ የሐይቅ ቆሮሶም (ቲላፒያ) ሲክሊድ ነው፣ የናንተ ዓሣ በሽታ ሊያስገባበት ይችላል።