ድምፅ ሲጨመርበት የሚጠፋ አምፕሊፋየር

ጅማ ሕርማታ፣ ቤታችን ያለው አምፕሊፋየር ድምፁ ከፍ ሲል ይግልና ይጠፋል። አቧራውን ጠረግን፣ ገመዱን በወፍራም ቀየርን፣ ማራገቢያም ደቀንንበት። ምንም ለውጥ የለም።

ነገሩ የገባኝ ስፒከሮቹን ነቅዬ በዲጂታል ቴስተር ከለካኋቸው በኋላ ነው። ባለ 8 ኦም (የሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመግታት አቅም መለኪያ) ስፒከር ለብቻው 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ቴስተሩ የሚለካው የጥቅል ሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ይህ አያስደነግጥ። በየቻናሉ ሁለት ሁለት በፓራለል (ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር) ስለታሰሩ ግን 3 አነበበ፤ ጭነቱ 4 ኦም ማለት ነው። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ከ8 እስከ 16 ኦም» ይላል! ኦሙ ከዚያ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ከረንት ስለሚሰጥ ይግላል።

በሲሪስ አሰርኳቸው፦ የአምፕሊፋየሩ ቀይ ወደ አንደኛው ቀይ፣ የአንደኛው ጥቁር ወደ ሁለተኛው ቀይ፣ የሁለተኛው ጥቁር ወደ አምፕሊፋየሩ ጥቁር። 16 ኦም ሆነ። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱና መጥፋቱ ግን ቀረ። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ከተገላበጠ ቤዙ ስለሚሳሳ፣ ማሰሪያውን ከማጥበቃችሁ በፊት እዩት።