«ጋዝ ፈሰሰ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የአደገኛ ኬሚካል ጥሪ ችግሮችና መፍትሄዎች

የአደጋ ጊዜ ስልክ ላይ አዲስ ለተቀመጠ ሰው ቃጠሎ ከባዱ ጥሪ አይደለም። ነበልባሉን ደዋዩ ያየዋል፣ ስልኩን ያነሳውም ወዲያው ይገባዋል። ኬሚካል ሲሆን ግን ደዋዩ አንድ ነገር ይላል፣ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ይገኛል። «ጋዝ» ለእማማ ፋኖስ ውስጥ የሚገባው ነጭ ጋዝ ነው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ወጣት በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ነው። ለውሃ ማጣሪያ ሠራተኛ ደግሞ ክሎሪን ሊሆን ይችላል። «መድኃኒት»ም ሐኪም የሚያዘው ብቻ አይደለም፤ ነቀዝ የሚገድለውም መድኃኒት ይባላል። ስለዚህ ጽሑፉን የከፋፈልኩት በኬሚካል ስም ሳይሆን ደዋዮች በሚሉት ነው፤ 939 (እሳት አደጋ) ላይም ሆነ 907 (አምቡላንስ) ላይ ለተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነውና።

«ጋዝ ፈሰሰ፣ ቶሎ ድረሱልን!»

ከሁሉም በፊት «አሁን የት ቆመው ነው የሚያናግሩኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጥ ቤት ውስጥ ከሆኑ ወሬው ውጭ ይቀጥላል። ከወጡ በኋላ «መሬት ላይ ፈሳሽ ይታያል ወይስ ሽታ ብቻ ነው?» በሉ። ፈሳሽ ከታየ ነጭ ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ ሳይሆን አይቀርም። ሽታ ብቻ ከሆነና ቤቱ ውስጥ ሲሊንደር ካለ ቡታጋዝ ነው ብላችሁ ያዙት።

ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተንኖ አይጠፋም። ወለል ላይ ይተኛል፣ በደረጃ ይወርዳል፣ ምድር ቤት ይሞላል። እዚህ ላይ ደዋዮች በቅንነት የሚሳሳቱት አለ፦ «መብራቱን አጥፍቼ ልውጣ» ይላሉ። ማብሪያ ማጥፊያ ግን ሲበራም ሲጠፋም የእሳት ፍንጣሪ ሊያወጣ ይችላል። «የበራው እንደበራ፣ የጠፋው እንደጠፋ ይተዉት» በሉ። ሲሊንደሩን መዝጋት የሚያዋጣው በመውጫቸው ላይ ካለና ሽታው ገና ቀላል ከሆነ ብቻ ነው። ጎረቤት ሲያስወጡም ደወል ሳይጫኑ በር ያንኳኩ።

«ቦቴ ተገልብጧል»

ይህ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሚያልፍ ሾፌር ነው፤ እሱም ቶሎ ሊዘጋው ይፈልጋል። ቦቴው የጫነውን አያውቅም፣ ቦታውንም በትክክል መናገር ይቸግረዋል። የጅቡቲ መንገድ ላይ ከሆነ «ከየትኛው ከተማ ወጥተው ወደየትኛው እየሄዱ ነው? መጨረሻ ያለፉት ከተማ የትኛው ነው?» ማለት «አድራሻ ይንገሩኝ» ከማለት የበለጠ ያስገኛል።

የጭነቱን ዓይነት ለማወቅ ቦቴው ላይ ያለውን ብርቱካናማ ሰሌዳ ጠይቁ። ሁለት መስመር ቁጥር አለው። ላይኛው የአደጋውን ዓይነት፣ ታችኛው የዕቃውን ማንነት ይናገራል። ከላይ 33 ከታች 1203 ከሆነ ቤንዚን፣ 30 እና 1202 ከሆነ ናፍታ ነው። ከታች 1075 ካለ ቡታጋዝ፣ 1017 ካለ ደግሞ ክሎሪን ነው። ከላይ ያለው ቁጥር ሲደገም አደጋው የበረታ መሆኑን ያሳያል። ከፊቱ X ካለበት ውሃ ማስነካት ክልክል ነው፤ ይህን ለእሳት አደጋ መኪናው ሳትነግሩ ስልክ አትዝጉ።

አደራ፣ «ቀረብ ብለህ አንብብልኝ» እንዳትሉ። ካለበት ሆኖ በስልኩ ካሜራ አጉልቶ ይየው፤ ካልታየው ይቅር። የቦቴው ሾፌር ወይም ረዳቱ ደህና ከሆኑ የጭነት ሰነዱ እነሱ ጋ ነው፣ ስልኩን ይስጧቸው። በሰሜን አሜሪካው የአደገኛ ዕቃዎች መመሪያ መሠረት ለፈሰሰ ቤንዚን ሰው የሚርቅበት መነሻ ርቀት በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 50 ሜትር፣ ለቡታጋዝ 100 ሜትር ነው። ታንከሩ እሳት ከነካው ቤንዚኑ 800፣ ቡታጋዙ 1600 ሜትር ይሆናል። 1600 ሜትር ለደዋይ ትርጉም የለውም። «ቦቴው እስኪሰወርዎት ይራቁ» ብትሉት ይገባዋል።

ነፋሱንም አትርሱ፤ ያውም ደዋዩ በቀላሉ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፦ «አቧራው ወይም ጭሱ ወደየት ነው የሚሄደው?» መልሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰዉን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን፣ ከፍ ወዳለው መሬት ታስወጡበታላችሁ። መኪኖቻችሁንም በዚያው በኩል ታስገቡበታላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ጀሪካን ነው። «ሰው ነዳጅ እየቀዳ ነው» ከተባላችሁ የጥሪው ክብደት እዚያው ላይ ይለወጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ታንዛኒያ ሞሮጎሮ የተገለበጠ ቦቴ ከብበው ነዳጅ ሲቀዱ ፈንድቶ መቶ ያህል ሰው ሞቷል። ፖሊስን በ991 ወዲያው አስነሱ። ደዋዩ ሕዝቡን ገብቶ እንዲያባርር ግን አትጠይቁት፤ ከርቀት ይጩህ፣ ሲጋራና ሞተር ያስጠፋ፣ የሚመጡትን መኪኖች ያስቁም።

«ጉድጓድ ገብቶ ቀረ፣ ሊያወጣው የገባውም ዝም አለ»

ደዋዩ መውደቅ ወይም የውሃ ሙላት ይመስለዋል። ድምፅ ሳያሰሙ ተከታትለው ከቀሩ ግን አየሩን ጠርጥሩ። የመጸዳጃ ጉድጓድ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያጠራቅማል። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ «አሁን አይሸትም» ማለት «አሁን የለም» ማለት አይደለም። የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ፓምፕ አውርደው ካስነሱ የሞተሩ ጭስ ይገድላል።

መፍትሄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ደጋግማችሁ በሉት፦ «ሦስተኛ ሰው እንዳይገባ!» አፍ ላይ ጨርቅ ማሰር አያድንም። የታችኞቹ በገመድ ታስረው ከሆነ ከላይ ይሳቡ፤ ካልታሰሩ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ቡድን ይጠበቅ። እናት ወይም ወንድም ከጎን እያለቀሱ ይህን ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም ደዋዩን ጠንካራ አድርጋችሁ በጉድጓዱ አፍ ላይ ሹሙት፦ «ወንድሜ፣ የአንተ ሥራ ማንም እንዳይወርድ መጠበቅ ነው።»

«ቤተሰቡ በሙሉ ታመመ፣ ምግብ ሳይሆን አይቀርም»

ራስ ምታት፣ ማዞርና ትውከት አንድ ክፍል ያደሩትን ሁሉ ከያዘ፣ ማታ ምን እንደተበላ ከመጠየቃችሁ በፊት ከሰል ቤት ውስጥ አድሮ እንደሆነ ጠይቁ። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በሩ ይከፈት፣ ሁሉም ይውጡ፣ ያንቀላፋውም ተጎትቶ ይውጣ።

ከሰል ካልነበረ እህልን ጠይቁ። «ነቀዝ መድኃኒት አድርገንበት ነበር» ካሉ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ፎስቶክሲን የሚባለው ክኒን ከእርጥበት ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ከጆንያው ጋር አንድ ቤት ማደር ሊገድል ይችላል። ክኒኑ ላይ ውሃ አይደፋ፣ ቤቱ ተከፍቶ ይተው። አንድ ሰው ውጦት ከሆነ ደግሞ ውሃም ወተትም አይስጡት፣ አያስመልሱትም። የሚወጣው ትውከት ራሱ ጋዝ ስለሚለቅ አምቡላንሱ መስኮት ከፍቶ ይሂድ።

«መጸዳጃ ቤት ሳጥብ መተንፈስ አቃተኝ»

በረኪና ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ተደባልቋል። አሲድ ያለበት ማጽጃ ከሆነ የወጣው ክሎሪን ነው። ይውጡ፣ በሩን ክፍት ይተዉት፣ «ለማርከስ» ብለው ሦስተኛ ነገር አይጨምሩበት። ሳሉ ካልቆመ አምቡላንስ።

«መጋዘን ነው፣ እሳት ብቻ ነው»

ደዋዩ ዘበኛው ከሆነ ምን እንደተከማቸ ላያውቅ ይችላል፤ ባለቤቱ ከሆነ ደግሞ ላይናገር ይችላል። ዘበኛውን «ኬሚካል አለ?» ስትሉት «ኧረ የለም» ይላል። «በርሜሉ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጆንያው ላይ ምን ሥዕል አለ?» ስትሉት ያየውን ይነግራችኋል። የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ስልክ ከእሱ ተቀበሉ። ቤይሩት ወደብ ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ለመጋዘን ቃጠሎ የተላኩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውስጡ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት መኖሩን ማንም አልነገራቸውም። ከቡድኑ 10 ሰዎች ሞተዋል።

«ባጃጅ ላይ ጫንነው፣ ወደ ሐኪም ቤት እየወሰድነው ነው»

ፀረ ተባይ የረጨ ወይም የፈሰሰበት ገበሬ ላብ፣ ለሃጭና ትውከት ሲበዛበትና የዓይኑ ብሌን ሲጠብ መርዙ ልብሱና ቆዳው ላይ እንዳለ አስቡ። የሚደግፈውም፣ ባጃጁም፣ አልጋውም በመርዙ ይበከላል። ደዋዩ ባጃጁን ያስቁም፤ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ የላይኛውን ልብስ ያውልቅለት፣ ልብሱን በሌላ ፌስታል አስሮ ይተወው። ውሃና ሳሙና በቅርብ ካለ ገላውን ይታጠብ፣ ከሌለ ግን መንገዱ አይዘግይ። የመርዙን ጠርሙስ ከነጽሑፉ ይያዙ። ከዚያ እናንተ ለሐኪም ቤቱ ደውሉ፦ በሽተኛው ከድንገተኛ ክፍሉ በር ውጭ ታጥቦ ነው የሚገባው።