ለግቢ ጠጠር ስንት ሜትር ኩብ ይበቃል?
ጠጠር ስታዝዙ ስሌቱን የሚያበላሸው ርዝመትና ወርዱ በሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ በሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። አቋራጭ አለው፦ የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር አውጡና፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ20፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ10 አካፍሉት። መልሱ በሜትር ኩብ ይመጣል፤ 1 ሜትር ኩብ ጠጠር በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጠፍ ልክ 20 ካሬ ስለሚሸፍን።

8 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ የእግር መንገድ 12 ካሬ ነው፤ ለ20 ሲካፈል 0.6 ሜትር ኩብ። ጠጠር ሲረገጥ ስለሚጠቀጠቅ 10 በመቶ ጨምሩበትና 0.66 እዘዙ። ሻጩ በክብደት ከሆነ የሚሸጠው፣ 1 ሜትር ኩብ ደረቅ ጠጠር 1.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። እርጥቡ ይከብዳል፣ ለውሃ አትክፈሉ!

ጭቃማ መሬት ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ አፈሩ ጠጠሩን ይውጠዋል። መጀመሪያ መሬቱን አድርቃችሁ ጠቅጥቁት።