የኩይሳ እንጉዳይ ለምትወዱ፣ ናሚቢያ ላላችሁ

ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ ከኦካሃንጃ ወደ ኦቺዋሮንጎ የምትነዱ ከሆነ ዳር ዳሩን እያያችሁ ሂዱ። ሻጮች ሰሃን የሚያክል ነጭ እንጉዳይ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ኦማዮዋ ይባላል። ምስጦች ኩይሳቸው ውስጥ ለምግብ የሚያለሙት ፈንገስ ነው፤ መሬቱ በዝናብ ሲርስ ከኩይሳው ግርጌ ብቅ ይላል።

ራሳችሁ ልትለቅሙ ካሰባችሁ የግድ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይዛችሁ ውጡ። ኩይሳ ሥር መብቀሉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በኦክ ዛፍ ሥር የሚወጣውን አረንጓዴ ቀመስ እንጉዳይ እንዳትደፍሩ! መርዙ ተቀቅሎም ተጠብሶም አይጠፋም፤ ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው፣ ጋብ ሲል የዳኑ ይመስላል፣ ጉበት ግን እየተጎዳ ነው። የበላ ሰው ሕመሙን ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይሂድ፣ የተረፈውን እንጉዳይም ይዞ።

ኦማዮዋውን ከአፈሩ በላይ በቢላ ቁረጡት፣ ኩይሳውን አትቆፍሩ። ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ ይሠራ። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ አፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ወፈር አድርጋችሁ ከትፋችሁ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ጥበሱት። ለጾም በዘይትም ግሩም ነው።