ሰኞ ከቀትር በኋላ የሚታመመው ሠራተኛ፦ የጤና ጠንቅን ከቀሪ መዝገብ እንዴት ማግኘት ይቻላል

በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሰኞ ጠዋት ሥራ ያልገባ ሠራተኛ ፍርዱ ወዲያው ይሰጠዋል፦ «እሁድ ሲጠጣ አምሽቶ ነው»። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። በሰዓቱ ገብቶ ከቀትር በኋላ ደረቱን ይዞ ፈቃድ የሚጠይቀው ግን ሌላ ሰው ነው። እርሱን ያሳመመው የክፍሉ አየር ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት መዝገባችሁ የቀረበትን ቀን ብቻ ሳይሆን አቋርጦ የወጣበትን ሰዓትና የሚሠራበትን ክፍል ይያዝ። የበሽታውን ስም አትጻፉ፤ እርሱ የሐኪሙና የታማሚው ጉዳይ ነው።

ጥቂት ወራት ሲጠራቀሙ፣ ስንት ቀን እንደቀረና ስንት ጊዜ እንደቀረ ለያይታችሁ ቁጠሩ። በብሪታንያ መሥሪያ ቤቶች የሚታወቀው የብራድፎርድ ስሌት ስንት ጊዜ እንደቀረ የሚያሳየውን ቁጥር በራሱ አባዝቶ እንደገና በቀኖቹ ድምር ያባዛዋል። አንዴ ታሞ 12 ቀን የተኛ ሰው ነጥቡ 12 ነው፤ ስድስት ጊዜ ሁለት ሁለት ቀን የቀረው 432 ይደርሳል። ይህን ነጥብ ለቅጣት የሚጠቀሙበት አሉ። እኔ አልመክርም፤ አስም ያለበትን ከሰነፉ አይለይምና። ይልቁንስ የየክፍሉን ነጥብ ደምራችሁ ለክፍሉ ሠራተኞች ቁጥር አካፍሉ፤ ያን ጊዜ የታመመው ሰው ይሁን ክፍሉ ፍንጭ ታገኛላችሁ። ባዶ መዝገብ ግን አያዘናጋችሁ፦ የደም ግፊት ለዓመታት አንድ ቀን ሳያስቀር ኖሮ በድንገት ለወራት አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል።

የመፍተያው ነጥብ ከቢሮው ርቆ ከወጣ የመውጫ ሰዓቶቹን ተመልከቱ። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የተባለው የሳንባ ሕመም ጠባዩ እንግዳ ነው፦ ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ሥራው ከተጀመረ ሰዓታት ቆይቶ ደረትን ያፍናል፤ በማግስቱ ቀለል ይላል። ሲከርም ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዘልቃል። መዝገቡ ይጠቁማል እንጂ አይመረምርም፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ሰኞ ወደ ሥራ ሲገቡና ሲወጡ በትንፋሽ መለኪያ እንዲታዩ ሐኪም ጥሩ።

ምክንያቱን ማወቅ ደመወዝንም ይነካል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ሕመሙ ሥራው ያመጣው ከሆነ ግን ሦስቱ ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ አላቸው። «ጉንፋን ነው» ተብሎ የታለፈ ደረት ሠራተኛውን የሚያስከፍለው ይህንን ነው።

ማስተካከያው ከማሽኑ ይጀምር፦ ብናኙን ከሚነሣበት የሚስብ መሣሪያ፣ ወለሉን በታመቀ አየር ከማራገፍ ይልቅ ብናኝ በሚስብ ማጽጃ ማጽዳት። ጭንብል መጨረሻ ይምጣ፤ በሙቀቱ ምክንያት ብዙዎች አገጫቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ሰኞ፣ ያንኑ የከሰዓት ሰዓት እንደገና ቁጠሩ።