በአንዱ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም በሌላው ሲያስቸግር

ጅማ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ያሉትን አንድ አነስተኛ የቡና ነጋዴ ቢሮ እናስብ። ከአንድ ፍላሽ የተጫነው የሂሳብ ፕሮግራም በሁለቱ ላይ በደንብ እየሠራ፣ በሦስተኛው ግን አልከፈት ይላል፤ ወይም ተከፍቶ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን የሚል ነው። ይህ ምክር የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን እንደሚገባ አጥብቄ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ፎርማት ማድረግ የችግሩን ምልክቶች አብሮ ከማጥፋቱም በላይ፣ መንስኤው የሴቲንግ ጉዳይ ከሆነ ያው ሴቲንግ ተመልሶ ሲገባ ችግሩም አብሮት ይመለሳል። ፕሮግራሙ በሁለቱ ላይ እስከሠራ ድረስ መፈለግ ያለበት ሦስተኛው ከእነሱ የሚለይበት ነገር ነው።

ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የሂሳቡ ፋይል በፍላሽ ይገልበጥ። ከዚያም በሚያስቸግረው ኮምፒውተር ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አዲስ አካውንት ተከፍቶ ፕሮግራሙ ከዚያ ይሞከር። በአዲሱ አካውንት በትክክል ከሠራ፣ ችግሩ ያለው በአሮጌው አካውንት ውስጥ ስለሆነ ፍለጋው በእጅጉ ይጠባል።

ፕሮግራሙ ጭራሽ የማይከፈትና «ዲኤልኤል» (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ረዳት ፋይል) ጠፍቷል የሚል መልእክት የሚያሳይ ከሆነ፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ማስኬጃ ፋይሎች አለመጫናቸው ነው። እነዚህን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ፣ ለባለ 32 ቢትና ለባለ 64 ቢት ፕሮግራሞች የተዘጋጁትን ሁለቱንም መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። የጠፋውን አንድ ፋይል ብቻ ከሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ ግን አይመከርም፤ የ32ና የ64 ቢት ፋይሎች ሲደባለቁ በ«7ቢ» የሚያበቃ የስህተት ቁጥር የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ስላቆመ፣ አዲሱ የፕሮግራሙ ቅጂ ጨርሶ ላይሠራበት ይችላል።

ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስበኝ ፕሮግራሙ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ተከፍቶ ቁጥር ሲያዛባ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ከጀርመን መጥቶ የአገሩ ሴቲንግ ሳይቀየር ሥራ ላይ ሲውል፣ ዊንዶውስ የአስርዮሽ ምልክት አድርጎ የሚወስደው ነጠላ ሰረዝን ነው፤ ነጥብን ደግሞ የሺህ መለያ አድርጎ ያነበዋል። ጸሐፊዋ 17.5 ኪሎ ብላ ስታስገባ አንዳንድ ፕሮግራሞች 175 ብለው ይመዘግቡታል፤ ገበሬው ያቀረበው ቡና በሂሳቡ ላይ አሥር እጥፍ ሆኖ ይታያል። መፍትሄው በኮንትሮል ፓነል «ሪጅን» የሚለውን ከፍቶ፣ በ«አዲሽናል ሴቲንግስ» ውስጥ የአስርዮሹን ምልክት ወደ ነጥብ፣ የሺሁን መለያ ወደ ነጠላ ሰረዝ መቀየርና ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ይህ ማስተካከያ ግን ቀድሞ የገባውን አያርምም፤ ስለዚህ በዚያ ኮምፒውተር የገቡት ቁጥሮች በሙሉ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለባቸው።

ፕሮግራሙ ዓይን እያየው ያለን ፋይል «አላገኘሁም» የሚል ከሆነ የአካውንቱ ስም ይታይ። ስሙ ሲከፈት በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ከሆነ የተጠቃሚው ፎልደርም በዚያው ስም ስለሚጠራ፣ ዩኒኮድን (የአማርኛን ጨምሮ የተለያዩ ቋንቋዎችን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚወክለውን ሥርዓት) የማያውቁ የቆዩ ፕሮግራሞች መንገዱን ማንበብ ያቅታቸዋል። የሚታየውን ስም መቀየር የፎልደሩን ስም አይቀይርም፤ ስለዚህ ለሙከራ በተከፈተው አዲስ አካውንት ፋይሎችን አዛውሮ መቀጠል ይሻላል።

የፈቃድ ጊዜ አልፏል ወይም ገና አልጀመረም የሚል መልእክት ሲመጣ ቀኑ ይመርመር። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ ካለቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባትሪውን መቀየር ነው። በእኛ አገር ግን ሌላም መንስኤ አለ፦ በቅንነት የኢትዮጵያን ዓመት የሚያስገባ ሰው ኮምፒውተሩን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሰዓት ቀጠናው በናይሮቢ ይደረግ፤ ኢትዮጵያም ናይሮቢም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉና።

በስክሪኑ ላይ የሚጫኑት የፕሮግራሙ ቁልፎች ከመስኮቱ ውጭ ከወጡ ወይም ጽሑፉ ከደበዘዘ የስክሪኑ ማጉያ 125 ወይም 150 በመቶ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል ወደ 100 መልሶ መሞከር ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ፕሮግራሙ በድንገት መዘጋቱን ከቀጠለ፣ «ኢቨንት ቪውር» በሚባለው የዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ በተዘጋበት ደቂቃ የተመዘገበውን መልእክትና ስህተቱን ያስከተለውን ፋይል ስም መቅዳት፣ ከዚያም የሦስቱን ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ዓይነት ጨምሮ ለፕሮግራሙ ሠሪ መላክ ያስፈልጋል፤ «አልሠራም» ከሚል ስልክ ይልቅ ሠሪው ችግሩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲደገም አድርጎ ለማየት የሚያስችለው ይህ ነው።