ፖለቲካል ሳይንስ የደረሳችሁ ልጆች፣ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አራብሳ። በእነዚህ የከተማ ዳር ኮንዶሚኒየሞች አንድ ልጅ ፖለቲካል ሳይንስ ሲደርሰው ቤተሰብ ይጨነቃል። "ልጄ ፖለቲካ ውስጥ ሊገባብኝ ነው?" ይላሉ እናት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፦ ትምህርቱን ከፖለቲከኛነት ጋር ማምታታት። አባል ማፍራት የፓርቲ ሥራ ነው። ዲፓርትመንቱ የሚያስተምረው ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚከፋፈልና በምን እንደሚገደብ ነው።

ሁለተኛው፣ አቋምን እንደ እውቀት መቁጠር። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ኮዬ ፈጬን እንውሰድ። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከኦሮሚያ ጋር በሚዋሰንበት በዚህ ቦታ ለሠራቸው ኮንዶሚኒየሞች እጣ ሲወጣ "ቦታው የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ አስወጣ። ተማሪው ይህን ሲሰማ ወዲያው ወገን ይይዛል። መብቱ ነው። ግን መጀመሪያ ጥያቄውን ይበትነው። ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን ይሰጣል። ያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንዲጠበቅ ያዛል፤ ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ይተወዋል። ዓመታት ቆጥቦ የጠበቀው ተመዝጋቢስ ምን ይላል? መሬቱን የለቀቀው ገበሬስ? የቱ ጥያቄ በማስረጃ ይመለሳል? የቱስ የፍትሕ ጥያቄ ነው? የማይስማማበትን ክርክር፣ የክርክሩ ባለቤት ሰምቶ "አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው" እስኪል ድረስ አሳምሮ ማስረዳት የቻለ ተማሪ፣ ለእኔ ትምህርቱ ገብቶታል።

ሌላው ፖለቲካን ሩቅ ብቻ መፈለግ ነው። ስለ ዋሽንግተንና ቤጂንግ ሲከራከር የሚያመሽ ልጅ የብሎኩ ስብሰባ ላይ አይታይም። የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች ማኅበር እኮ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተደነገገ፣ ጠቅላላ ጉባኤና ቦርድ ያለው ተቋም ነው። የጥበቃ መዋጮ ያልከፈለውም ከከፈለው እኩል ይጠበቃል። ታዲያ ሰው ለምን ይከፍላል? የማይከፍለውንስ ማን ይቀጣዋል? አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊነር ኦስትሮም የመስኖ ውኃን፣ ደንንና የዓሣ ሀብትን ነዋሪዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው እንዴት እንደሚያስተዳድሩ አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። እናንተ ይህን ጉዳይ ደጃችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ሂዱ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙላቸው።

የመውጫ ፈተናን የትምህርቱ ግብ ማድረግም አለ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ማለፍ ግድ ነው። ግን በመጨረሻው ዓመት ሽምደዳ ብቻ የሚያልፍ ልጅ ሥራ ቦታ ሪፖርት ጻፍ ሲባል ይቸገራል። በየሴሚስተሩ ጻፉ።

በመጨረሻም ከምርምር ዘዴና ከስታቲስቲክስ አትሽሹ። "ቁጥር ስለማልወድ ነው ሶሻል የገባሁት" የሚል ተማሪ ብዙ ነው። "ሕዝቡ እንዲህ ይፈልጋል" የሚል ሁሉ ግን ስንቱን ጠይቆ፣ እንዴት መርጦ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። መጠይቅ ስታዘጋጁ መጀመሪያ ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው። ካልገባቸው፣ ወይም መልሱን አስቀድሞ የሚነግራቸው ከሆነ፣ እንደገና ጻፉት።